የረሳነው ፖሊስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በምማርበት ትምህርት ቤት የንባብ ክበባችን ቅዳሜ ከሰዓት ይሰበሰባል። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ያነበብነው «ኤ ታይም ቱ ኪል» የተባለውን የጆን ግሪሻም የፍርድ ቤት ልብ ወለድ ነበር። ቅጂው ሁለት ብቻ ስለሆነ እንግሊዝኛ የሚቀላቸው እያነበቡ ለሌሎቻችን በአማርኛ ይተርኩልን ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ፣ የደራሲው የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ርእሱም መክብብ 3፥3ን ያስታውሳል።

በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ሁለት ነጮች አንዲት የአሥር ዓመት ጥቁር ልጅ ደፍረው፣ ደብድበው ይጥሏታል። ይያዛሉ። አባቷ ካርል ሊ ሄይሊ ግን የፍርዱን ቀን አልጠበቀም፤ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ተደብቆ ሁለቱንም በጥይት ገደላቸው። አሁን ተከሳሹ እርሱ ሆነ። በዚያ አገር ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው። አሥራ ሁለቱም ነጮች ነበሩ፤ በመጨረሻ ግን በነፃ ለቀቁት።

መጽሐፉ ሲያልቅ መምህራችን «እናንተስ ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር?» አሉን። ሁላችንም ማለት ይቻላል «ነፃ ይውጣ» ብለን እጃችንን አወጣን፤ ያጨበጨቡም ነበሩ። እኔም አውጥቻለሁ። ከአንኮበር የመጣች አንዲት ልጅ ግን እጇን አላወጣችም።

«እሺ፣ ፖሊሱስ?» አለች።

ዝም አልን። ካርል ሊ ሲተኩስ ከእስረኞቹ ጋር የነበረ አንድ ፖሊስ ቆስሎ እግሩ ተቆርጧል። ልጅቷን አልበደለም፤ ሥራውን ነበር የሚሠራው። ሁላችንም ታሪኩን ሰምተናል፤ ሁላችንም ረስተነዋል።

ልጅቷ ቀጠለች። «አያቴ ‹በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች› ይላሉ። ጭብጦ እንዲህ ካንገበገበ፣ ያለ ፍርድ የሄደ ነፍስማ?»

ያን ቀን ማታ ራሴን ጠየቅሁ። ለምን አጨበጨብን? መልሱ ሚሲሲፒ ሳይሆን እዚሁ ያለ መሰለኝ። ደም መመለስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘመዱ ተገድሎበት ዝም ያለ ሰው አንገቱን እንዲደፋ፣ ደሙን የመለሰ ደግሞ ቀና ብሎ እንዲሄድ የሚያደርግ ወግ ሲወራ ሰምተን አድገናል። እሑድ ስለ ይቅርታ እንዘምራለን፤ ቅዳሜ ግን እጃችን ለምን እንደወጣ አየሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ወንድም «ፍርድ እንደሚያገኝ ቢያምን ኖሮ እኮ አይገድልም ነበር» አለ። እውነት አለው። የአባትየውን ቁስል ያላየ ሰው ስለ ሕግ ባይናገር ይሻላል። ይሁን እንጂ ማዘን ሌላ፣ ማጽደቅ ሌላ ነው። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንኳ በአንቀጽ 541 በከባድ ስሜት ተገፋፍቶ ለገደለ ሰው ቅጣቱን ያቀላል እንጂ ገዳይነቱን አይሽረውም። የሰውን ድካም ይረዳል፤ የፈሰሰውን ደም ግን አይረሳም።

ጌታስ ምን ይላል? ጳውሎስ በሮሜ 12 መጨረሻ በቀልን ለእግዚአብሔር እንድንተው ይነግረናል፤ ወዲያው በምዕራፍ 13 ደግሞ ክፉ አድራጊን ስለሚቀጣ ባለ ሥልጣን ይናገራል። ሁለቱ የተከታተሉት በከንቱ አይመስለኝም። በቀልን መተው ክስን መተው አይደለም።

ይህን የምለው እኛንም ስለሚመለከት ነው። አንዲት እኅት ስትደፈር «ስሟ እንዳይጠፋ»፣ «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይነሣ» ተብሎ ነገሩ በሽማግሌ የሚዳፈንበት ጊዜ አለ። ያንን እርቅ ብለን መጥራት የለብንም። የአቤል ደም ከምድር ሲጮኽ የሰማ አምላክ የእርሷንም ጩኸት ይሰማል። ፍትሕ የተነፈገ አባት ወደ ጠመንጃው ሲያይ፣ መንገዱን የጠረግንለት እኛ ልንሆን እንችላለን።

አባቶቻችን የተነሣን እጅ የሚያስቆሙት «በሕግ አምላክ!» ብለው ነበር። ሕጉም አምላኩም በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ። ለተበደለችው ልጅ ስንቆም «በሕግ አምላክ» እንበል፤ ለበቀል የተነሣውንም እጅ በዚያው ቃል እናስቁም።

ድምፅ እንደገና ብሰጥ ለካርል ሊ አለቅሳለሁ፤ እጄን ግን አላወጣም። አንድ እግሩን ያጣው ፖሊስ ትዝ ይለኛል።