ያልተሸጠው ሰዓት

 

ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ተማሪዎች ወደየቤተሰባቸው የተመለሱበት ክረምት ላይ ነን። ሰሞኑን አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ ለክረምቱ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀጥሬያለሁ። ዝናብ ሲጥል ገዢ አይመጣም። በዚያ ሰዓት ልብ ወለድ ባነብ ደመወዜ ሐላል ይሆንልኛል?»

ፉቀሃዎች ተቀጣሪን በሁለት ይከፍላሉ። አንደኛው ለተወሰነ ሥራ የሚዋዋል ነው። ልብስ ሰፊ ሸሚዙን በቀጠሮው ካስረከበ በየትኛው ሰዓት እንደሰፋው አይጠየቅም። ሁለተኛው ጊዜውን ለአንድ ቀጣሪ የሰጠ ነው፤ «አጂር ኻስ» ይሉታል። እሱ የሸጠው ሰዓቱን ነው። በቦታው ተገኝቶ ለሥራ ዝግጁ እስከሆነ ድረስ ገዢ ባይመጣም ደመወዙ ይገባዋል። በዚያው ልክ ሰዓቱ የራሱ አይደለም።

ስለዚህ መልሴ አጭር ነበር፦ ባለሱቁን ጠይቀው። ከፈቀደልህ ጨርቁን አጣጥፈህ፣ አቧራውን አራግፈህ ስትጨርስ አንብብ። ካልፈቀደ መጽሐፉን ቤት ተወው። ተፈቅዶልህም ቢሆን፣ አንተ ገጹ ላይ አቀርቅረህ ገዢ ከደጅ ከተመለሰ አማናው ጎድሏል።

ባለሱቆችም የድርሻችሁን አስታውሱ። የተማሪ ጉልበት ነው ብላችሁ ደመወዙን አታጓትቱበት፤ የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ሐቁ እንዲሰጠው ታዘናል።

ልጁ ለሸጠው ሰዓት እንዲህ መጨነቁ ደስ ይላል። ግን ያልሸጠውስ? ዙህር ላይ ከሱቁ ሲወጣ የቀረው ቀን የማን ነው? ብዙዎቻችን «የራሴ» እንላለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጤናና ትርፍ ጊዜን ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ጸጋዎች መሆናቸውን ነግረውናል። በሐዲሡ ውስጥ የገባው ቃል የገበያ ቃል ነው፤ በግብይት የተታለለን፣ ዕቃውን ያለዋጋው የሰጠን ሰው ይገልጻል። የተሸጠውን ሰዓት ባለሱቁ ይቆጣጠረዋል። ያልተሸጠውን የሚጠይቀን አላህ ነው።

ታዲያ ለፈተና የማይመጣ መጽሐፍ ማንበብ ኪሳራ ነው? አይደለም። አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) በኢባዳ ራሱን ሲያደክም ሰልማን (ረ.ዐ) ጌታውም፣ ነፍሱም፣ ቤተሰቡም ሐቅ እንዳላቸውና ለየባለሐቁ ሐቁን እንዲሰጥ መከረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ንግግር አጽድቀውታል። ነፍስ ዕረፍትና ደስታ ሐቋ ነው።

በ255 ዓመተ ሒጅራ የሞተው የበስራው ጸሐፊ አል ጃሒዝ በወጣትነቱ ዳቦና ዓሣ ይሸጥ እንደነበር፣ የመጽሐፍ ነጋዴዎችንም ሱቅ ተከራይቶ እዚያው እያደረ ያነብ እንደነበር ይተረካል። በዐቂዳው ዑለማዎች የተቹት ሰው ነው። ሆኖም ቀን ለእንጀራው የሚሸጥ፣ ሌሊት ደግሞ ለማንበብ የሚከፍል ወጣት ለኛ ትምህርት አለው። ፈታኝም ሆነ ውጤት አልነበረበትም።

ቅደም ተከተሉን ግን አንርሳ። እናትህ የወሩን ዱቄት መግዣ ካጣች የከሰዓቱም ጊዜ ለሥራ ይሁን፤ ዋጂብ ከሙባሕ ይቀድማል። ቤቱ ካልተቸገረ ግን «እስከ ማታ ብትሠራ የተሻለ ስልክ ትገዛለህ» ለሚልህ ሁሉ ሰዓትህን አትሽጥ። በትምህርት ወቅት የምናነበው ውጤት ስለሚጠብቀን ነው። ማንም ነጥብ በማይሰጥበት ክረምት የምናነበው ልባችን ወዴት እንደሚያዘነብል ያሳየናል፤ እውቀትን ለራሱ መውደድም በዚያ ይጀመራል። መጽሐፉ ዐስርን ካሳለፈብህ ወይም ሐራምን ካስዋበልህ ዝጋው። አብዛኛውን ሰዓታችንን የሚበላው ግን መጽሐፍ አይደለም። ሳንወስን ከፍተን ሳናውቀው መግሪብ የሚደርስብን ስልክ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንወስን፦ ከቀኑ ያልተሸጠችውን አንዲት ሰዓት ለምን እንደምናውላት። ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛትንም አንርሳ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ጊዜያችንን የተባረከ ያድርግልን። ተማሪዎቻችንን ጠቃሚ እውቀት ይወፍቃቸው። አሚን።