መጀመሪያ ወረቀቱን አሳርፊው

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ «ጋሼ፣ ሠራተኞቼ አሉ፤ ግን የሉም» ያልሽኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። 14ቱም ጠዋት ፈርመው ይገባሉ፣ ማሽኑ ይዞራል፣ ወረቀቱ ይቆረጣል፤ ሥራው ግን ወይ ዘግይቶ ይወጣል ወይ ተበላሽቶ ይመለሳል። አንዱ የሌላውን ስሕተት እያየ «የኔ አይደለም» ብሎ ያልፋል። «ድግስ ልደግስላቸው? ወይስ አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው ላምጣ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መንገድ ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረምና ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። 40 ዓመት የማተሚያ ቤት ቀለም የነካው እጅ ነው የሚጽፍልሽ፤ የማላውቀውን አልመክርሽም።

የደረሰባችሁን አውቃለሁ። መጀመሪያ ቤቱ ለልማት ተነሣና ማሽኑን ነቅላችሁ ወደ ዳር ሄዳችሁ፤ ደንበኛ ግማሹ አድራሻችሁ ጠፋው። ሳትደላደሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በዚያው ቀን 57 ብር የነበረው ዶላር ባንክ ላይ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ወራት ሳይቆጠሩ ደግሞ 100 ብርን አለፈ። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ፕሌቱ ከውጭ የሚመጣ ነው። በአሮጌ ዋጋ የተዋዋልሽውን መጽሐፍ በአዲስ ዋጋ ወረቀት ገዝተሽ አተምሽ፤ ቃልሽን አላጠፍሽም፣ ኪስሽ ግን ባዶ ቀረ። ደመወዝ 2 ወር ዘገየ፣ 6 ሰው ተሰናበተ። ይህ ሁሉ አልፎ ዛሬ ሥራ መጥቷል። አንቺ «አለፈ» ትያለሽ። እነሱ ዘንድ ግን ገና አላለፈም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ወጊዋ አንቺ ነሽ ማለቴ አይደለም፣ ዘመኑ ነው የወጋቸው። ግን ደመወዙ የዘገየው በአንቺ ፊርማ ነው፣ የስንብት ደብዳቤውም እንደዚያው።

ክረምት ላይ የገባ ወረቀት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ከመጋዘን አውጥተሽ በቀጥታ ማሽን ላይ ስትጭኚው እርጥበት ጠጥቶ ጠርዙ ተወዛውዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀለም ይታተማል፤ ሁለተኛው ሲደርስ ወረቀቱ ተለጥጧል፣ ቀለም በቀለም ላይ አይገጥምም። ወጣቱ አታሚ ማሽኑን ይወቅሳል፣ ብሎኑን ይጠመዝዛል፣ ፍጥነት ይጨምራል። የበሰለው አታሚ ግን ወረቀቱን ከአንድ ቀን በፊት ማሽኑ ካለበት ክፍል አስገብቶ ያሳርፈዋል፤ የክፍሉን አየር ይላመዳል፣ ይረጋል፣ ከዚያ እንዳዘዝሽው ይሄድልሻል። ሠራተኞችሽ ዝናብ የመታቸው ወረቀት ናቸው። አንቺ ደግሞ ፍጥነት ልትጨምሪባቸው ነው።

ድግሱን በተመለከተ አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። በወጣትነቴ የሠራሁበት አንድ ማተሚያ ቤት ክፉ ዓመት ገጠመው። 3 ወር ደመወዝ ሳናገኝ ቆየን። ነገሩ ሲቀና ባለቤቱ በግ አሳርዶ፣ ጠላ አስጠምቆ ሰበሰበን። ቆሞ ብዙ ተናገረ፤ «ቤተሰብ ነን» አለ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ፣ ተጨበጨበለት። የዘገየውን ደመወዝ ግን አንድ ቃል አላነሣም። ከአጠገቤ የተቀመጠው በእጁ ጥበብ የምንቀናበት የማሽን ሠራተኛ ሥጋውን ሳይነካ ሳህኑን አስቀመጠና «ይሄ በግ የተገዛው በኔ ገንዘብ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ቦታ ገባ፤ አንድ ጎበዝ ጠራዥም ተከተለው። ባለቤቱ እስከ መጨረሻው «ውለታ ቢሶች» እያለ ይረግማቸው ነበር። ምሳሌው እውነት ነበር፣ ግን ድሩን የበጠሰው ሰው ሲናገረው ጆሮ ይቆጠቁጣል።

ስለዚህ ከድግሱ በፊት ደብተሩን ክፈቺ። በዚያ ክፉ ጊዜ ማን ስንት ሌሊት እንዳደረ፣ ማን እሑድ እንደሠራ ተጽፎ ይገኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ነው የሚታሰበው። አስቢው። ያልተከፈለውን በየሰዉ ስም ጻፊ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መክፈል ካልቻልሽ አትክፈይ፤ ግን «ያንተ ይህን ያህል ነው፣ በ4 ወር ከፋፍዬ በዚህና በዚህ ቀን እሰጥሃለሁ» ብለሽ ወረቀቱን ራስሽ ስጪው። ቁጥሩን ስታውቂለት ያለቅሳል እንጂ አይቆጣም። ልፋቱ ተቆጥሮለታልና።

ከዚያ ሰብስቢያቸው። ስብሰባው አጭር ይሁን፤ ቆመሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ፣ ቢሮሽ ውስጥ ሳይሆን ጥረዛ ክፍል፣ ማጠፊያው ጠረጴዛ ዙሪያ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስንት ዕዳ እንዳለባችሁ፣ ስንት ሥራ እንደተያዘ፣ የወረቀት ክምችቱ እስከ መቼ እንደሚያደርስ በቁጥር ንገሪያቸው። ሠራተኛ ፊት የድርጅትን ገመና መግለጥ ያስንቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ሲያስንቅ አላየሁም። ባዶ መጋዘኑን እነሱ ካንቺ በፊት ያያሉ። ካልነገርሽ የጎደለውን በወሬ ይሞሉታል፣ ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። የተሰናበቱትን 6ቱን በስማቸው ጥሪ። ስማቸው የማይነሣበት ቤት ውስጥ የቀረው ሰው «ነገ እኔም እንዲህ እረሳለሁ» ይላል። እድር ለቀብር ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ እድርተኛ ድንኳን ተክሎ የሚቀመጠው የሞተውን ሊያስነሣ አይደለም፣ የቀረውን ብቻውን ላለመተው ነው። እናንተ ግን 6ቱ የተሰናበቱ ቀን አብራችሁ አልተቀመጣችሁም፤ በማግስቱ ማሽን አስነሣችሁ።

ይቅርታ የሚያስፈልግበት ላይ ይቅርታ ጠይቂ። «ደመወዝ ሲዘገይ ስልክ አላነሣሁም፤ አፍሬ ነበር፤ ልክ አልሠራሁም» በይ። እንዲህ ማለቱ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም የሥራ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ለፋሲካ ጉርሻ እንደሚሰጣቸው በሥሬ ለነበሩት ሠራተኞች ቃል ገብቼ ነበር። ከላይ ተከለከለ። ፊታቸውን ላለማየት በሌላኛው በር መግባት ጀመርኩ። ሊነግራቸው የሚገባው እኔ ሆኜ ከሂሳብ ክፍል ሰሙት። ጉርሻውን ከረሱት በኋላ እንኳን በሌላኛው በር መግባቴን አልረሱልኝም፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ተስፋ ስትሰጪ ትንሽ ስጪ። «በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ማሽን እናስገባለን፣ ደመወዝ እጥፍ ይሆናል» አትበዪ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያሉ በሆዳቸው ይስቁብሻል። «ደመወዝ በየወሩ በ28 ይገባል» በይ፣ በ28 አስገቢ። በሁለተኛው ወር በ28፣ በሦስተኛውም በ28። ራስሽ ደመወዝ መውሰድ ቢኖርብሽ የአንቺ መጨረሻ ይሁን፣ እነሱም ይወቁት። ያን ጊዜ ሳትናገሪ ሰው ቀና ማለት ይጀምራል፤ ለቤት አከራዩ ቀን ቆርጦ መናገር ችሏልና።

የትልቁን ነገር ከትንሹ ጋር ማወዳደር ባይገባም የአየር መንገዳችንን ነገር እዚህ ላይ አነሣዋለሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰው ይዞ የተነሣው አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ ከሞቱት መካከል የአየር መንገዱ ሠራተኞች ነበሩ። ሐዘኑ ሳይበርድ በዓመቱ ኮሮና መጣና አብዛኛው የመንገደኛ በረራ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ቋሚ ሠራተኛ አልበተኑም። የራሳቸው ቴክኒሻኖች ከ20 በላይ ከሚሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር እየነቀሉ ጭነት እንዲጭኑ አደረጉ፤ የሕክምና ዕቃ ወደ አህጉሩ የደረሰው በእነዚያ ጭምር ነው። መቀመጫ መንቀል ለአውሮፕላን ሠራተኛ ደስ የሚል ሥራ አይደለም። ግን እጅ ሥራ ያዘ፣ ሥራውም ለምን እንደሆነ ለሁሉም ይታይ ነበር። በኋላም ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው የአውሮፕላን ዓይነት ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ በረራ ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ከተሳፈሩት መካከል የድርጅቱ አለቆች ነበሩ። ሌላውን «ግቡ» ከማለታቸው በፊት ራሳቸው ገቡ። በዚህ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ የአለቃ ንግግር አላውቅም።

አሁን ወደ መግጠሙ ልምጣ፤ ዋናው ሕመምሽ እሱ ነው። ባለ ቀለም ሥዕል በ4 ቀለም ነው የሚታተመው፦ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። እያንዳንዱ የራሱ ፕሌት አለው። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ደንበኛ የማያያት፣ ሲቆረጥ የምትጣል ትንሽ የመስቀል ምልክት አለች። አራቱ ቀለሞች እሷ ላይ ከተደራረቡ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ትሆናለች። አንዱ የፀጉር ያህል ከሳተ የሙሽራዋ ከንፈር ሁለት ይሆናል። ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ፕሌቱ ጥሩ ነው፣ ማሽኑ ጥሩ ነው፤ ሥራው ግን ቆሻሻ ነው።

ያንቺ ቤት እንዲህ ሆኗል። ዲዛይነሯ የምትጨነቀው ለውበቱ ነው፣ አታሚው ለብዛቱ፣ ጠራዡ ለቆጠራው፤ ሥራ የሚያመጣው ልጅ ደግሞ ደንበኛው «እሺ» እንዲለው ብቻ የማሽኑን ወረፋ ሳይጠይቅ «ለዓርብ ይደርሳል» ይላል። ሁሉም በራሱ ቀለም ልክ ነው፤ የሚገናኙባት መስቀል ግን የለችም። አንዲት ስጫቸው። «በተባለው ቀን፣ ያለ እንከን» ትሁን። ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ሰቅለሽ ሁለት ዓምድ አስምሪ፤ አንዱ ቃል የተገባበት ቀን፣ ሁለተኛው የተረከቡበት ቀን። ከእንግዲህ ቀን የሚሰጠው አታሚውንና ጠራዡን ጠይቆ ይሁን፤ ከሰጠ በኋላ ግን ቀኑ የሦስቱም ነው። ልዩነት ስታዪ «ማን አዘገየው?» ብለሽ አትጀምሪ፤ «የት ላይ ቆመ?» በይ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።

ዲዛይነሯና አሮጌው አታሚ አይነጋገሩም ብለሽኛል። ሽምግልና አትላኪባቸው፣ ገና ነው። አንድ ሥራ ስጫቸውና አብረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከተሉት። ጥር እየመጣ ነው፤ የሠርግ ካርድ ይበዛል፣ ሁዳዴ ሲገባ ይቆማል። ከመጣልሽ ሁሉ ትንሹን ምረጪ፣ 300 ካርድ በሉት። ልጅቷ ማሽን ክፍል ገብታ የሳለችው ወርቃማ ሐረግ በዚያ ወረቀት ላይ ለምን እንደሚደበዝዝ በዓይኗ ትይ። እሱም ከኮምፒውተሯ አጠገብ ተቀምጦ ደንበኛው 7 ጊዜ እንዴት እንዳስለወጣት ይይ። እኔ የእርሳስ ፊደል እየለቀምኩ ነው የጀመርኩት፤ ከማሽኑ ሰዎች ጋር የታረቅሁት የለቀምኩትን ገጽ ራሴ ተሸክሜ ማሽኑ ላይ ማድረስ የጀመርኩ ዕለት ነው። ካርዱ አምሮ ሲወጣ ሙሽሮቹ ሲረከቡ ሁለቱንም ጥሪያቸው፤ ምስጋናውን በአንቺ በኩል ሳይሆን ከባለቤቱ አፍ ይስሙት።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ አድርገሽም ይሄዳል። ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ብሎ ያደገ ሕዝብ ነን፤ ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ማመልከቻ ያስገባውን እንደ ከዳተኛ አትዪው፣ ልጆች አሉት። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ሳታጉላሊ ጻፊለት፣ ሒሳቡን ዘግተሽ ሸኚው። የሚቀሩት አንቺ የሚሄደውን እንዴት እንደምትሸኚ ቆመው ያያሉ። የሚቀሩትን ደግሞ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ አትቁጠሪያቸው፤ በክፉ ቀን ያልሄደ ሰው የሚሄድበት አጥቶ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። አሮጌው አታሚሽ ሁለት ቦታ ተጠርቶ አልሄደም። ለኔ ነው የነገረኝ፣ ላንቺ አልነገረሽም።

የትርፍ ሰዓቱ ደብተር ሂሳብ ክፍል ካቢኔው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ አውጪውና ከአሮጌው አታሚ ስም ጀምሪ።