ሰንጢና ላባ

ዊልሰን ቤንትሊን ዝነኛ ካደረጉት ፎቶግራፎች ጀርባ አንዲት ሰንጢ አለች። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ፎቶግራፎቹን ወይም የእነሱን አምሳያ በአንድ አጋጣሚ ሳያይ አይቀርም፤ በድቅድቅ ጥቁር ላይ ፍንትው ብላ የምትታይ ባለ ስድስት ጫፍ የበረዶ ኮከብ። ለመሆኑ ያ ጥቁር ከየት መጣ?

ቤንትሊ እ.ኤ.አ. በ1865 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ጄሪኮ በምትባል የገጠር ቀበሌ የተወለደ ገበሬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ላም እያለበ ኖረ፤ ሚስት አላገባም፤ ፎቶግራፍም እንጀራው አልነበረም። በ15 ዓመቱ ከእናቱ ባገኘው ማይክሮስኮፕ የበረዶ ቅንጣት አየ፤ ያየውን በእርሳስ ሊስል ሞከረ፤ ግን ስሎ ሳይጨርስ ቅንጣቷ ትቀልጥበታለች። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ አባቱ፣ ነገሩ ባይዋጥለትም፣ ካሜራ ገዛለት። ማይክሮስኮፑን ከካሜራው ጋር አገጣጥሞ፣ እሳት በማይነድባት የደጅ ክፍል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1885 የመጀመሪያዋን የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ። ዕድሜው ገና 19 ነበር። ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ በቆየ ሥራ ከ5,000 በላይ ምስሎችን አከማቸ።

ችግሩ በረዶ ነጭ አለመሆኑ ነው። ነጭ የሚመስለው ሲከመር ነው፤ አንዷ ቅንጣት ለብቻዋ እንደ መስታወት ብርሃን ታሳልፋለች። ብርሃን ከበስተኋላዋ ሲለቀቅባት ፎቶው ላይ የምትወጣው በደማቅ መደብ ላይ የተቀመጠች ፈዛዛ ግራጫ ነገር ሆና ነው። ቤንትሊ መፍትሔ ያለው ይህን ነበር፦ የኔጋቲቩን ቅጂ ያዘጋጅና በቅንጣቷ ዙሪያ ያለውን ሽፋን በሰንጢ ጫፍ ይፍቃል። የተፋቀው ቦታ በወረቀት ላይ ሲታተም ጥቁር ይሆናል። ያች በሰማይ ጨለማ ውስጥ የተንጠለጠለች የምትመስል ኮከብ የተገኘችው በዚህ ዓይን የሚያደክም ፍቅፈቃ ነው።

በዚህ የተነሳ ከሳሽ አላጣም። ጉስታቭ ሄልማን የተባለው ጀርመናዊ የአየር ጠባይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1893 ስለ በረዶ ቅንጣቶች መጽሐፍ ሲያሳትም ፎቶዎቹን ያነሳለት ሪቻርድ ኖይሃውስ ነበር። በኖይሃውስ ፎቶዎች ላይ የሚታዩት ቅንጣቶች እንደ ቤንትሊዎቹ የተዋቡ አይደሉም፤ አንዱ ክንድ ከሌላው ያጥራል፣ ጠርዛቸው ይጎረብጣል። ሄልማን የአሜሪካዊው ገበሬ ሰንጢ ከዳራው አልፎ የቅንጣቶቹን ጠርዝ ነክቷል ሲል ወቀሰ። የቤንትሊ መልስ ባጭሩ፣ ማስተካከሉ ፎቶውን ወደ ተፈጥሮ የሚያቀርበው ከሆነ ተገቢ ነው የሚል ነበር።

ይህ መልስ በመጀመሪያ ሲሰሙት የአጭበርባሪ መልስ ይመስላል። ደጋግመው ሲያስቡት ግን ቀላል አይደለም። ካሜራው ያወጣው ግራጫ ጥላ ራሱ ከተፈጥሮ የራቀ ነበርና። ቤንትሊ በመስታወቱ ውስጥ ያየው ጥርት ያለ ነገር ነው፤ ኔጋቲቩ ላይ ያገኘው ደብዛዛ ነገር ነው። ከሁለቱ የትኛው ይታመን? ሰንጢው የሚከተለው ጠርዝ በዓይኑ ያየውን፣ ትንፋሹን ውጦ በላዩ ጎንበስ ብሎ የቆየበትን ጠርዝ ነው። በእርግጥ እጅ ይስታል፤ ሰንጢ የያዘ እጅ አንዲት ጎርባጣ ጥግ ላይ ሲደርስ ወደ ውበቱ ሊያደላ ይችላል። ሄልማን በዚህ በኩል የዋህ አልነበረም። ሆኖም ፍርድ ቤት ቢቀርቡ፣ ቤንትሊ የዓይን ምስክር ነኝ ሊል የሚችል ሰው ነው። ቃሉ ላይ ጥያቄ ማንሳት ይቻላል፤ ቦታው ላይ አልነበርክም ግን አይባልም።

ሄልማን በሰንጢው ላይ አተኮረ እንጂ ከሰንጢው ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባ ሌላ መሣሪያ ነበር። ላባ።

ቤንትሊ በረዶ ሲጥል ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ደጅ ይወጣል። ቅንጣቶች ሰሌዳው ላይ ያርፋሉ። ፈጠን ብሎ ያያቸዋል፤ የሚያጓጓ ከሌለባቸው በላባ ጠርጎ ይጥላቸውና እንደገና ይጠብቃል። በየጥቂት ሰከንዱ ይጠርጋል። ተስፋ የሚጣልባት ቅንጣት ስትገኝ ወደ ክፍሉ ይሮጣል፤ በቀጭን ስንጥር አንስቶ መስታወት ላይ ያኖራታል፤ በላባ ጫፍ ቀስ አድርጎ ያስተኛታል። ላባው እንግዲህ ሁለት ሥራ አለው፤ የተመረጠችውን ያስተኛል፣ ያልተመረጡትን ይጠርጋል።

የተጠረጉት ስንት ነበሩ? ማንም አልቆጠራቸውም። በረዶን በቅርበት የሚያጠኑ ሰዎች ግን ከሰማይ የሚወርደው አብዛኛው ቅንጣት የተሰባበረ፣ የተዛነፈ፣ ከሌላው ጋር የተጣበቀ ወይም ምንም ቅርጽ የሌለው መሆኑን ይመሰክራሉ። ያች ሰፊ ኮከብ የምታድገው የሙቀቱ መጠን ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ እርጥበትም ሲበቃት ነው። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ የሚወርደው መርፌና ምሰሶ የመሰለ ነገር ነው። በዚያ ላይ ንፋስ አለ፤ ግጭት አለ፤ መሬት ሳይደርሱ መቅለጥ አለ።

ይህን በደንብ ያሳየው ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኡኪቺሮ ናካያ ነው። የቤንትሊ ፎቶዎች ልቡን ከሳቡት ሰዎች አንዱ ነበር። ሆካይዶ ላይ ሥራውን ሲጀምር ግን ላባውን አስቀመጠው ማለት ይቻላል፤ ውቡንም አስቀያሚውንም፣ ሙሉውንም ጎደሎውንም ፎቶ አነሳ፣ በየዓይነቱ መደበ። እ.ኤ.አ. በ1936 በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በጥንቸል ፀጉር ጫፍ ላይ፣ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የበረዶ ክሪስታል አሳደገ። ከዚያም የትኛው ቅርጽ በየትኛው ሙቀትና እርጥበት እንደሚበቅል ለየ። ቅንጣቷ ያለፈችበትን የሰማይ ሁኔታ ከቅርጿ ማንበብ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ጎደሎዋም ቅንጣት የምትናገረው ነገር ነበራት፤ እንዲያውም የጉድለቷ ምክንያት ዋናው ወሬ ነበር።

አማርኛ ፎቶን «ያነሳል»፤ እንግሊዝኛው ግን «ይወስዳል»። ቃሉን ጠጋ ብለው ሲያዩት ብዙ ነገር የያዘ ነው። ማንሳት የወደቀን ማንሳት ነው፤ ስምን ማንሳት፣ ነገር ማንሳትም አለ። «እሱን አታንሳብኝ» የሚል ሰው ስለ ዝምታ ነው የሚናገረው። ቤንትሊ ቅንጣቷን በስንጥር ሲያነሳ ቃል በቃል አንስቷል። ያላነሳቸው ደግሞ በሁለቱም ትርጉም ያልተነሱ ናቸው።

ያው አማርኛ ለበረዶ ያለው ስም ግን አንድ ነው። ከጎንደር ወይም ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ሚኒያፖሊስ ወይም ኦስሎ የገባ ሰው «በረዶ» ሲል በልጅነቱ የሚያውቀው ቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበውን፣ የደረሰ እህል የሚያረግፈውን ነው። በስደት አገር የሚያገኘው በረዶ ድምፅ የለውም። ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ዓለሙ ሁሉ ተለውጦ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው በረዶ ፎቶ ሳይነሳ አያልፍም። ወፍራም ጃኬት፣ ነጭ የለበሰ ዛፍ፣ ፈገግታ፤ ፎቶው በደቂቃ ውስጥ አገር ቤት ይደርሳል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ጣቱ ደንዝዞ አውቶቡስ የጠበቀበት ንጋት ግን አይነሳም። ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅም በዕረፍት ቀኗ የገበያ አዳራሽ ፏፏቴ ፊት ቆማ ትነሳለች፤ የቀሩት ቀናት ላባ ይጠርጋቸዋል።

እያንዳንዱ ፎቶ እውነት ነው። ጃኬቱም፣ ፏፏቴውም፣ ፈገግታውም ነበሩ፤ ማንም ጠርዛቸውን በሰንጢ አልነካም። ታናሽ ወንድም ግን አንዱን ፎቶ ለብቻው አያይም፤ ስብስቡን ነው የሚያየው፤ ከስብስቡም ተነስቶ በበረሃና በባሕር ሊሄድ ይወስናል። አገር ቤት ያሉትም ቢሆኑ ያው ናቸው። የመስቀል ደመራ ይልካሉ፣ ያበበ አደይ ይልካሉ፣ ከበዓል ገበታ ፊት የተቀመጡ እናት ይልካሉ፤ እናት ሆስፒታል የተኙበትን ሳምንት ግን አይልኩም፤ «ልጁን ሰው አገር ላይ እንዳናስደነግጠው» ተብሎ ይዋጣል። ሁለቱም ወገን ላባ ይዟል፤ ሁለቱም ያደረገው በፍቅር ነው። ጥፋቱ ፍቅር መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

እዚህ ላይ የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ቢነሱ ነገሩን ሳያጠራው አይቀርም። የተሳለ መጋረጃ፣ ለደንበኛ የሚዋስ ኮትና ክራባት፣ በእጅ የተስተካከለ ፊት፤ ከቤንትሊ ሰንጢ የበለጠ ጣልቃ ገብነት ነው። ይሁንና ማን ተታለለ? ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ የሚያይ ሁሉ ኮቱ የፎቶ ቤቱ እንደሆነ፣ ሐይቁም ሸራ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ደንቡ የጋራ ነው። የተከፈተ ማስተካከል ሰውን ሳያታልል፣ ያልተነካ ምርጫ ግን ሊያታልል ይችላል ማለት ነው። የፎቶን ሐቀኝነት «ተነካክቷል ወይስ አልተነካካም» በሚል ጥያቄ ብቻ የሚለካ ሰው መለኪያው አጭር ነው።

ከዚያ ደግሞ ስልኩ መጣ። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አንድ የሳምሰንግ ስልክ ተጠቃሚ ቀላል ሙከራ አደረገ። የጨረቃን ፎቶ ሆን ብሎ አደበዘዘው፤ ኮምፒውተር ላይ ከፈተውና የክፍሉን መብራት አጥፍቶ ከራቅ ብሎ በስልኩ አነሳው። ስልኩ ያወጣው ፎቶ በደበዘዘው ምስል ላይ ፈጽሞ ያልነበሩ የጨረቃ ጉድጓዶችና ጥላዎች ነበሩበት። ኩባንያውም ስልኩ ጨረቃን ለይቶ እንደሚያውቅና በሠለጠነ ሥርዓት ዝርዝሯን እንደሚያጎላ በይፋ አስረዳ። ሥርዓቱ የሠለጠነው በሌሎች የጨረቃ ፎቶዎች ነው።

ይህ ሰንጢም ላባም አይደለም። ሰንጢው የሚሠራው የታየን ነገር ለማጥራት ነው፤ ላባውም የሚመርጠው ከወረደው መካከል ነው። ስልኩ ግን ገና ሳያይ ያውቃል። ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ወደ መሬት ስለምታዞር መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ይሆናል፤ ጉድጓዶቹ እዚያው ናቸው። ውጤቱን ከሰማዩ ጋር ቢያስተያዩት ከደብዛዛው ፎቶ ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ታዲያ «ወደ ተፈጥሮ ካቀረበ ተገቢ ነው» የሚለው የቤንትሊ መልስ ለስልኩም አይሠራም ወይ?

አይሠራም፤ የማይሠራበትም ምክንያት ከትክክለኛነት ጋር የተያያዘ አይደለም። ፍርድ ቤት ውስጥ እውነት የሚናገር ግን ቦታው ላይ ያልነበረ ሰው ምስክር አይባልም። ሌሎች የነገሩትን አሳምሮ ሊደግም ይችላል፤ አንዲት ቃል ላይሳሳት ይችላል፤ ዳኛው ግን ይመልሰዋል። ለጨረቃ የሚመች ይህ ዘዴ የማትደገም ነገር ፊት ሲቀርብ ምን ያደርጋል? አንዷ የበረዶ ቅንጣት ከአምስቱ ክንዶቿ ያጠረ ስድስተኛ ክንድ ይዛ ብትወርድ፣ ሺህ ኮከቦችን ያየ ሥርዓት ያን አጭር ክንድ እንደ ስህተት አይቶ ሊያስረዝመው ይችላል። ያኔ ማንም አልጠረጋትም፤ ፎቶ ተነስታለች፤ ሆኖም የለችም። ላባ የተጠረገችውን ቢያንስ ጎደሎ እንደሆነች ትቷት ነበር።

ለቤንትሊ ፍትሕ ለመስጠት፣ ላባውን የያዘው ከንቀት አልነበረም። ውርጭ ነው፤ ጊዜው ደቂቃ አይሞላም፤ የመስታወት ኔጋቲቭ ገንዘብ ያስወጣል፤ ገንዘቡ የወተት ገንዘብ ነው። ፎቶዎቹን በአምስት ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ጎረቤቶቹ በረዶ ፎቶ የሚያነሳ ገበሬ ምን ይሁን ይላሉ ብሎ አላፈረም። «አማተር» የሚለው ቃል ከላቲን ሥሩ ሲፈታ ወዳጅ፣ አፍቃሪ ማለት ነው፤ ወዳጅ ደግሞ የወደደውን መልክ አምሮ ማየት ይፈልጋል። ከ2,400 በላይ ፎቶዎችን የያዘው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ላይ ታተመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 23 ቀን ቤንትሊ በሳንባ ምች ሞተ፤ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ረጅም መንገድ በእግሩ ወደ ቤቱ ተጉዞ ነበር የታመመው። በዚያ መንገድ ላይ ፊቱን የመታው በረዶ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደነበረው በመጽሐፉ ውስጥ የለም።