መጀመሪያ ደቀ መዝሙር

ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ ቡናው በረካ ሳይደርስ ተነስተሽ ሄድሽ። «አባባ፣ የሜዲቴሽን አስተማሪ ልሆን ነው፤ በቡድሃ መንገድ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ መስሎሽ ይሆናል። አልተቆጣሁም። ነገሩ ከበደኝ፤ የከበደ ነገር ደግሞ በአንድ ስኒ አይመለስም። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርደው ከርሜያለሁና አሁን ስሚኝ።

በሜዲቴሽን ኮርሱ አሥር ቀን ቃል ሳይወጣሽ ተቀምጠሽ መምጣትሽን አከብራለሁ። የስድስት ቁጥርና የዘጠኝ ቁጥር ማታቱ ሚኒባስ ጡሩንባ በማያርፍበት፣ ነጋዴው ጋሪሳ ሎጅ የገበያ ማዕከል ደጃፍ ላይ ጉሮሮው እስኪዘጋ በሚጮህበት በዚህ በናይሮቢ ሰፈር በኢስትሊ ለኖረ ሰው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በደወል ተነስቶ ቀኑን በሙሉ ትንፋሽን መከታተል ቀላል አይደለም። ዝም አይነቅዝም። ፊትሽ ላይ ያየሁት ዕረፍት እውነተኛ ነው።

ያሳሰበኝ ከዚያ ቀጥሎ የነገርሽኝ ነው። ከመጣሽ ሁለት ወር ሳይሞላሽ በስልክ እየተከታተልሽ የአስተማሪነት ወረቀት ለመቀበል ገንዘብ ልትከፍዪ ነው። ራስ ሳይጠና ጉተና ይሉታል ይህን።

በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ አኩፋዳ አንግቤ፣ ከውሻ ጋር እየታገልኩ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ትምህርት ማንም ራሱን መምህር ብሎ አይሾምም። ድጓ የዘለቀ ሰው ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ ይወጣል። የሚያውቁት ሰዎች ሰምተውት፣ አርመውት፣ «አሁን ወንበር ዘርጋ» ይሉታል። እኔ ጾመ ድጓ ላይ አቋርጬ ነው የወጣሁት። ለዚህ ነው እዚህ ሰፈር ሰው «መሪጌታ» ሲለኝ የማልቀበለው። ለሕፃናት ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

የአንቺም መንገድ ከዚህ የተለየ እንዳይመስልሽ። የቡድሃ ተከታዮችም መነኩሴ እንደ ቆሎ ተማሪ ጎድጓዳ ሳህኑን ይዞ ምግቡን ከሰው እጅ ይቀበላል። የምንኩስና ዕድሜውንም በክረምት ይቆጥራል። በጥንቱ ሥርዓታቸው አዲስ መነኩሴ ቢያንስ አምስት ክረምት ከመምህሩ ሥር ያድራል፤ ሌላውን አመንኩሶ ደቀ መዝሙር ለማድረግ ደግሞ አሥር ክረምት ያስፈልገዋል። ቡድሃ ራሱ ስድስት ዓመት ሲፈልግ ደክሞ፣ አገኘሁ ካለ በኋላ እንኳ ለማስተማር አመንትቶ እንደነበር መጻሕፍታቸው ይናገራሉ። ያንቺን የአሥር ቀን ትምህርት ያስፋፋው ጎኤንካም በርማ ተወልዶ ያደገ ነጋዴ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ኡ ባ ኪን ከሚባል የመንግሥት ሒሳብ ሹም እግር ሥር ተቀመጠ፤ ህንድ ሄዶ ማስተማር የጀመረው በ1969 ነው። አሥራ አራት ዓመት ቁጠሪ።

ሩቅ ነው ካልሽኝ ጎረቤታችን ዑጋንዳ ሰው አለ። ባንቴ ቡድሃራኪታ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 ለትምህርት ህንድ ሄዶ ከቡድሃ ትምህርት ጋር ተገናኘ፤ የመነኮሰው በ2002 ነው። በ2005 ተመልሶ ኢንቴቤ አጠገብ ማዕከል መሠረተ። እሱም አፍሪካዊ ነው፤ እሱም ዘመድ «ምን ነካህ?» የሚልበት አገር ተወልዶ ያደገ ነው። ካምፓላ ከዚህ የአንድ ሌሊት የአውቶቡስ መንገድ ናት። ገንዘብሽን ለወረቀት ከማውጣትሽ በፊት ለዚያ ትኬት አውጪው፤ ሄደሽ ጠይቂ፣ አኗኗሩን እዪ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ የምትተዳደሪበትን የኤምፔሳ ገንዘብ መላኪያ መስኮትሽን እንዳትዘጊ። በሄድሽበት መንገድ ኮርሱ በነጻ ነው፤ የሚያስተምሩትም ደመወዝ የላቸውም፤ እንጀራቸው ከሌላ ሥራ ነው። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። የቤት ኪራይሽ በተማሪሽ እጅ ከሆነ፣ «አንተ ለዚህ ገና አልደረስክም» ለማለት አፍሽ ይያዛል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት በሞያሌ በኩል በእግሩ የመጣ አንድ ልጅ እኔ ዘንድ ተጠግቶ ነበር። እስር ቤት ብዙ አይቷል። እንቅልፍ አጣሁ ሲለኝ፣ «ዓይንህን ጨፍን፣ ትንፋሽህን እያዳመጥክ ዝም ብለህ ጸልይ፤ ያልፋል» አልኩት። መብራት አጥፍቼ ብቻውን ተውኩት። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳውን በግንባሩ ሲመታ ደረስንበት። ለእኔ ዕረፍት የሆነው ጸጥታ ለእሱ ያ የእስር ቤቱ የጨለማ ክፍል ነበር። ሐኪም ዘንድ የወሰደችው ጎረቤታችን የሆነች ሶማሌ ሴት ናት፤ እኔ ቆሜ አይ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

አሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ልጄ። አንቺ የምታስተምሪው እዚሁ ሰፈር ያለውን ሰው ነው፤ በረሃ ያቋረጠውን፣ ወንድሙን መንገድ ላይ ቀብሮ የመጣውን፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጠውን። እንዲህ ያለውን ሰው ዓይንህን ጨፍን ማለት ብቻ አይበቃም። መቼ «ዓይንህን ግለጥ፣ ተነስ፣ እየተራመድን እንሞክረው» እንደሚባል፣ መቼ ደግሞ «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» እንደሚባል ማወቅ አለብሽ። ያ ዕውቀት የሚመጣው የቆየ መምህር ሲያደርገው አጠገቡ ሆኖ በማየት ነው። እኔ መምህር አልነበረኝም፤ ዋጋውን የከፈለው ያ ልጅ ነው።

ደግሞ ወንድምሽን ጠይቄዋለሁ፤ አትቆጪው። ከኮርሱ ከመጣሽ ወዲህ ከሰው ጋር ለስላሳ ሆነሻል፤ በእሱ ላይ ግን ድምፅሽ እንደ ድሮው ነው አለኝ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ አትሁኚ። የመጀመሪያው ፈታኝሽ እሱ ነው።

እናትሽ ደግሞ አዲስ አበባ ሆና ገና ያላወቀችው፣ የምትገቢበት መንገድ የቡድሃ መሆኑን ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ይህን አልደብቅሽም፤ መንገድሽ መንገዴ አይደለም። ግን በረላምና ይዋስፍ የሚባለውን የቅዱሳን ታሪክ እጨጌ ዕንባቆም፣ ራሱ ከየመን የመጣው መነኩሴ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1553 ለዐፄ ገላውዴዎስ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሶታል። ያ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ የመነነው የህንድ ልዑል ታሪኩ ከቡድሃ ታሪክ የተቀዳ ነው፤ ይዋስፍ የሚለው ስም ራሱ ቦዲሳትቫ ከሚለው በየቋንቋው ሲዞር የመጣ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። አባቶቻችን የሩቅ አገር ሰው መመነኑን ሰምተው አልሸሹም። ስለዚህ እናትሽን «ትንፋሽ ብቻ ነው» እያልሽ አታለዝቢባት። በቡድሃ መንገድ መምህር መሆን በእሱ፣ በትምህርቱና በማኅበሩ መጠጋት ነው። ይህን አስበሽበት ከሆነ በስሙ ንገሪያት፤ አላሰብሽበትም ከሆነ ደግሞ ገና ነሽ።

ለአሁኑ የምመክርሽ፣ በሚቀጥለው ኮርስ ተመልሰሽ ግቢ፣ ለመቀመጥ ሳይሆን ለማገልገል። የቆዩ ተማሪዎች ምግብ እንደሚያበስሉና እንደሚያጸዱ አንቺው ነግረሽኛል። በኛ ገዳም ይህ እርድና ነው፤ ቆብ ከመድፋት በፊት ውሃ መቅዳትና እንጨት መስበር አለ። ሽንኩርት ስትከትፊ መምህሩ ያለቀሰውን ሰው እንዴት እንደሚያናግር እዪ።

ስትሄጂ ስልክሽን እኔ ዘንድ ተዪው። እናትሽ ስትደውል አነሳዋለሁ። ነግረሻት ከሆነ የት እንዳለሽና መቼ እንደምትመለሺ እነግራታለሁ። ካልነገርሻት ግን እንድዋሽልሽ አትጠይቂኝ።