የፈረሱ ጉልበትና ልጓሙ

ባለፈው ክረምት ከሆሳዕና ወደ ሀቢቾ ለለቅሶ ስሄድ የወሰደኝ የእህቴ ልጅ ነበር። ልጁ መካኒክ ነው። የሚነዳት መኪና ግን በእኔ ስም የተመዘገበች፣ ሰው ሁሉ «ዲኤክስ» የሚላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ዳገቱ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ታቃስት ጀመር። ከፊታችን አንድ አይሱዙ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይጎተታል። ልጁ ሦስት ጊዜ ሊቀድመው ሞክሮ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ሞተሯን ልቀይራት፤ እርስዎ ብቻ ይፈርሙልኝ» አለኝ።

የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ የሰፈረ ስለሆነ፣ ሞተር ሲለወጥ አመልክቶ ማስመዝገብ ያለበት ባለንብረቱ ነው። የተጠየቅሁት እንግዲህ አንዲት ፊርማ ናት። ይህች ፊርማ ግን ወራት አስቆጠረችብኝ።

የልጁን ክርክር ሳላሳንስ ላቅርብ። የእኛዋ ኮሮላ ሞተር 1290 ሲሲ ነው። ቶዮታ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ለኮሮላ ቤተሰብ 1587 ሲሲ የሆነ፣ ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር ሠርቷል፤ ጉልበቱ የእኛዋን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በዚያ ላይ ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም በሚገባ አይነድለትም። እንዲህ ባለው ከፍታ ተራ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። «ስለዚህ የምጠይቅዎ ትርፍ አይደለም፤ ደጋው የቀማንን ነው» ይለኛል።

ሌላ መኪና ግዛ እንዳልለውም መንገዱ ጠባብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ድሀ ያለው ያችው አሮጊት መኪናው ናት፤ እሷን ማበርታት ነውር ሊሆንበት አይገባም።

ታዲያ ጥያቄው የቱ ላይ ነው? ሰው የቤቱን ምሰሶ ቢያጠነክር ማንም አይጠይቀውም። የራሱ ነዋ! የመኪና ጉልበት ግን የሚወጣው በግቢ ውስጥ አይደለም። የሚወጣው መንገድ ላይ ነው፤ የእኛ መንገድ ደግሞ የመኪና ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት፣ ከገበያ የሚመጡ እናቶች፣ ጭነት የበዛበት አህያ፣ ባጃጅ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። እኔና የእህቴ ልጅ ተስማምተን ብንፈርም እንኳ፣ በዚያ ዳር የሚሄደው መንገደኛ ምንም አልፈረመም።

ነገሩን የሚያከብደው የተፈጥሮ ሕግ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 100 ሲገባ፣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ሞተሩ ሲለወጥ ግን ፍሬኑ አብሮ አይለወጥም። የኋላ እግሯ ያው አሮጌው ታምቡር፣ ያው ያለቀ የፍሬን ሸራ ነው። ልጁ የቆጠረው የሞተሩን ዋጋ ብቻ ነበር።

የሞተርን ኃይል በፈረስ ጉልበት መለካትን ያስለመደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ነው። የእንፋሎት ሞተሩ ስንት ፈረስ እንደሚተካ ለገዢዎቹ በቁጥር ማሳየት ነበረበት። ዋት ግን በጉልበቱ ብቻ አልቆመም። በ1788 እ.ኤ.አ. በሞተሩ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ያሉት መቆጣጠሪያ ገጠመ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ሲከፈቱም የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠብባሉ፤ ሞተሩም ይረጋጋል። ፈረሱን የቆጠረው ሰው ልጓሙንም አሰበ ማለት ነው። ያገራችን ፈረሰኛም ይህን ለማወቅ ዋትን አልጠበቀም፤ ልጓም ያልለመደ ፈረስ ይዞ ገበያ መሐል የሚገባ የለም።

እዚህ ላይ ግን ራሴንም መጠርጠር ይገባኛል። እኔ መኪና አልነዳም። ለማይነዳ ሰው ስለ ዝግታ መስበክ ምን ያስከፍለዋል? ልጁም መልስ አላጣም። «ጋሼ፣ ያን አይሱዙ ለመቅደም ስሞክር በተቃራኒው መስመር ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አይተዋል። ጉልበት ቢኖራት በአንድ ትንፋሽ አልፌው ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። አቅም ማጣትም ሰው ይገድላል።

ይህ መልሱ ነው ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ። እስካሁን መኪናዋን ጨዋ አድርጌ እቆጥራት ነበር። ነገር ግን ደካማ መኪና ጨዋ አይደለችም፤ ለመበደል አቅም ያነሳት ብቻ ናት። በሰውም ቢሆን እንዲሁ አይደለምን? ሥልጣን ያላገኘ ሰው ፍትሐዊ ነኝ ሲል፣ ገንዘብ የሌለው አልሰስትም ሲል፣ የተፈተነ ነገር ስለሌለ ማመን ያስቸግራል። ጨዋነት የሚታወቀው ጉልበቱ ከመጣ በኋላ ነው። እንዲህ ከሆነ ልጁን ጉልበት መከልከል ጨዋ አያደርገውም፤ ደካማ አድርጎ ያስቀረዋል እንጂ። ልጓሙን ሳይገዛ ጉልበቱን ማስረከብ ደግሞ ፈተናውን በመንገደኛው ሕይወት ላይ ማድረግ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦ «መጀመሪያ ፍሬኑን ከፊት እስከ ኋላ ለውጥ። ቀጥሎ ጎማዎቹን። ከዚያ ወረቀቱን አምጣ፤ እፈርማለሁ።» ልጁ ዝም አለ። ያጠራቀመው ገንዘብ ለሞተሩ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ፍሬን ይቅደም ማለት ሌላ አንድ ዓመት ጠብቅ ማለት ነው። ከዚያም በላይ፣ አዲስ ሞተር ሲገባ ጓደኞቹ ኮፈኑን ከፍተው ያደንቃሉ፤ አዲስ የፍሬን ሸራ ለማየት ግን ማን ጎንበስ ይላል?

ትክክል ፈርጄ እንደሆነ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ዳገት ልጁ አሁንም በደካማው ሞተር ይወጣዋል፤ አይሱዙም ከፊቱ አይጠፋም። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ቢደርስበት ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ ነው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያኖርኩት።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደወለልኝ። የፊቱን ፍሬን አስለውጧል። «የኋላው ቀርቷል፤ ብዕርዎን ያዘጋጁ» ብሎ ሳቀ። እኔም፣ «ብዕሩስ አለ፤ ጎማውን አትርሳ» አልኩት።