መናገር የማይችል ምስጢረኛ

በዋትስአፕ ከአንድ ሰው ጋር አዲስ መጻጻፍ ስንከፍት ከላይ በኩል አንዲት ማሳሰቢያ ብቅ ትላለች። መልእክቱን ከሁለታችሁ በቀር ማንም፣ ዋትስአፕ ራሱም ቢሆን፣ ሊያነበው አይችልም ነው ቁም ነገሯ። ብዙው ሰው ሳያያት ወደ ሰላምታው ያልፋል። ልብ ብሎ ላያት ግን ማሰሪያ አንቀጿ ያስገርማል፤ "አያነብም" አትልም፣ "አይችልም" ነው የምትለው። የሰው ልጅ ምስጢሩን ሲያኖር የኖረው "አልናገርም" ባለ ሰው ሆድ ውስጥ ነው። "ሆድ ይፍጀው" የሚለው አነጋገራችን ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል፤ ምስጢረኛ ማለት ነገሩ ምላሱ ጫፍ ደርሶ የሚመልሰው፣ ሆዱን ቢፈጀውም የሚችለው ሰው ነው። አሁን ግን ምስጢራችንን የምናስቀምጠው "ብፈልግም መናገር አልችልም" በሚል አካል ዘንድ ሆኗል። ታዲያ ይህን ምስጢር መጠበቅ እንበለው? መታመን ማለት ሊከዳ የሚችል ሰው ሳይከዳ መቅረቱ ከሆነ፣ መክዳት የማይችለውን ነገር ታማኝ ማለት ድንጋይን ዝምተኛ ብሎ እንደ ማመስገን አይሆንም?

ሃይማኖቶች ከስልኩ በፊት በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። በአይሁድ ዘንድ በማይንዙ ራቢ ጌርሾም ስም የሚጠራ፣ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ውግዘት አለ፤ የሌላውን ሰው ደብዳቤ ያለ ፈቃዱ ማንበብን ይከለክላል። ደብዳቤ በመንገደኛ ኮሮጆ ከአገር አገር በሚጓዝበት ዘመን ተሸካሚውን የሚያግደው ሌላ ነገር ስላልነበረ፣ ውግዘቱን በምሕጻረ ቃል ደብዳቤው ላይ የሚያሰፍሩ ነበሩ። በእስልምና ለሰው የተሰጠ አደራ አማና ነው፤ ቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት የሰውን ነውር እየተከታተሉ መሰለልን ይከለክላል። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በ1215 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ) በአራተኛው የላተራን ጉባኤ፣ የንስሐ ምስጢር ያወጣ ቄስ ከክህነቱ ተሽሮ ዕድሜ ልኩን በገዳም ተዘግቶ ንስሐ እንዲገባ ደነገገች። በእኛም ዘንድ የንስሐ አባት የሰማውን ይዞ ይቀበራል እንጂ አያወጣም። ሁሉም የተከበሩ ሥርዓቶች ናቸው። ነገር ግን ቅጣት የሚጻፈው የሚያጠፋ ስላለ ነው፤ ውግዘቱ በከበደ ቁጥር ፈተናውም ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ይነግረናል። ቀደምቶቹ የአደራ ተቀባዩን ሕሊና ከማስፈራት የተሻለ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። ነገሥታቶቻችን ደብዳቤያቸው አናት ላይ ያሳርፉት የነበረው ማኅተም እንኳ ቃሉ የማን እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ ዓይን አይከለክልም።

ተራው ሰውማ ማኅተምም አልነበረውም። መጻፍ የማትችል እናት ሩቅ ላለ ልጇ የምትለውን ለደብዳቤ ጸሐፊ ትነግር ነበር፤ መልሱ ሲመጣ ደግሞ ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ፣ ቡና የሚጠጣው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ ያነብላታል። በእናትና በልጅ መካከል ሁልጊዜ ሦስተኛ ጆሮ ነበረ ማለት ነው። የዱሮ ደብዳቤዎቻችን ግማሽ ገጽ ሰላምታ፣ ከናፍቆት በቀር ሁሉ ደህና መሆኑን ማብሠር፣ የዘመድ አዝማድ ስም መቁጠር የሚበዛባቸው ከጨዋነት ብቻ የመነጨ አይመስለኝም። በሽታው፣ የትዳሩ መናጋት፣ የዕዳው ነገር በጸሐፊው እጅና በአንባቢው አፍ ማለፍ ነበረበትና ሳይጻፍ ይቀራል። ድሀ ምስጢር አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ምስጢሩን የሚልክበት መንገድ ነው ያልነበረው።

ይህን የለወጠው ነገር አጀማመሩ ሒሳብ ነው። እስከ 1976 ድረስ ሁለት ሰዎች በምስጢር ለመጻጻፍ አስቀድመው አንድ የጋራ ቁልፍ መለዋወጥ ነበረባቸው፤ ቁልፉን ደግሞ ወይ በአካል ተገናኝተው አለዚያም በታመነ መልእክተኛ እጅ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ መልእክተኛውን ማመን ላይ ይወድቃል። በዚያ ዓመት ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባሳተሙት ጥናት፣ ፈጽሞ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ሰው ሁሉ በሚሰማበት እየተነጋገሩ እንኳ ለሁለቱ ብቻ የሚታወቅ ምስጢር ላይ መድረስ እንደሚችሉ አሳዩ። በጓጉንቸር መመሰል ይቻላል። ተከፍቶ የተተወ ጓጉንቸር ለፈለገ ሁሉ አድላለሁ፤ ሊልክልኝ የፈለገ ሳጥኑን በእኔ ጓጉንቸር ቀርቅሮ ይሰድልኛል። መቀርቀር ማንም ይችላል፤ መክፈቻው ግን ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ተሸካሚው ሳጥኑን ቢነቀንቀው፣ ቢመዝነው፣ ቢያሳድረው ከውስጡ ቃል አያገኝም። ዋትስአፕ ሲግናል ከተባለው የመልእክት መላላኪያ የተዋሰውን ይህን ዓይነቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ ሚያዝያ 2016 አጠናቆ ሲያስገባ ተጠቃሚው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነበር። በአንድ ጀንበር ያን ያህል ሕዝብ የንጉሥ ማኅተም ያልሰጠውን ነገር አገኘ። (ሰምና ወርቃችንን እዚህ መጥቀስ ይቀናል፤ ዝምድናቸው ግን ከሩቅ ነው። ወርቁ የሚደበቀው ብልህ ሰሚ እንዲያወጣው ተፈልጎ ነው፤ የተመሰጠረ መልእክት ደግሞ ብልህም ቢሆን እንዳያወጣው ነው።)

በ"አልናገርም" እና በ"አልችልም" መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ሁለት አጋጣሚዎች ያሳያሉ። በ2016 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የሁለት ስልክ ቁጥሮችን መረጃ እንዲያስረክብ ሲግናልን የሚሠራውን ድርጅት አዘዘ። ድርጅቱ ትእዛዙን አክብሮ ያለውን ሰጠ፤ የነበረው ግን አካውንቱ የተከፈተበት ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበት ቀን ብቻ ነው። አልዋሸም፣ አላመፀም፤ የለውም። በአገራችን ብዙ ሰው በምስጢራዊነቱ የሚተማመንበት ቴሌግራም ግን ተራ መልእክቶችን በራሱ ሰርቨሮች ያኖራል፤ መክፈቻውም በእጁ ነው። ለብቻ የሚከፈተው "ምስጢራዊ ቻት" ብቻ ነው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፤ የምንሞላባቸው ግሩፖች ውስጥ ይህ የለም። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ ነሐሴ 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ተይዞ ከተመረመረ በኋላ፣ በመስከረም ቴሌግራም ደንቡን አሻሽሎ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የአጥፊዎችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ እንደሚያስረክብ አስታወቀ። ማድረጉ ስሕተት ነው አልልም፤ ሕግ ማክበር ነው። የምለው፣ ቃል ኪዳን የባለቤቱ ጉልበት እስከሚዘልቅበት ድረስ ብቻ እንደሚዘልቅ ነው። ምስጢር በእጁ ያለ ሰው አንድ ቀን ይጠየቃል፤ የሚሰጠውም ይኖረዋል።

ይህን የሚሰማ ሃይማኖተኛ ሰው አንድ ጠንካራ መልስ አለው። ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው ሁዳዴን ጾመ አይባልም። ጾም ማለት ሥጋው ከድስቱ፣ ወተቱ ከቅሉ ሳይጎድል መተው ነው። ስለዚህ መናገር ያልቻለ ስልክ ምስጢር ጠበቀ ማለት የራበውን ሰው ጿሚ ማለት ነው፤ ይባስ ብሎም ከመካከላችን መታመን የሚባለውን ምግባር ሥራ አስፈትቶ ይሰደዋል። የክርክሩን ግማሽ እቀበላለሁ። ስልኩ ምግባር የለውም፤ ሊመሰገንም አይገባውም። ግን መላላኪያውን ሲሠሩ መክፈቻውን ከእጃቸው አውጥተው ስለ ጣሉት ሰዎችስ ምን እንላለን? ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ወደ ገዳሙ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ተንጠልጥሎ ነው። መነኮሳቱ ገበያ መካከል ተቀምጠው ዓለምን በየቀኑ እየታገሉ ማሸነፍን አልመረጡም፤ ፈተናው የማይወጣበት ገደል አናት ላይ ሰፈሩ። "የጾመላቸው ገደሉ ነው" ብሎ የሚያቃልላቸው ግን የለም፤ ገደሉን መምረጥ ራሱ ምግባር ነውና። ደግሞም ምስጢር የሚጠበቀው ለጠባቂው ጽድቅ እንዲሆነው አይደለም። የንስሐ አባት ዝም የሚለው ኃጢአተኛው ደፍሮ እንዲናገር ነው። ሰሚው ዝም ያለው በትግልም ይሁን ባለመቻል፣ ለተናጋሪው የሚከፈትለት በር አንድ ነው። እርግጥ ኩባንያ መነኩሴ አይደለም። በገዛ ፈቃዱ የወጣበትን ገደል ነገ በአንድ አፕዴት ሊወርደው ይችላል፤ የመልእክቱን ቃል ባያነብም ማን ከማን ጋር በስንት ሰዓት እንደ ተገናኘ ማወቁ አልቀረም። ማመን ያለብን ነገር ቀነሰ እንጂ አላለቀም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይበልጥ የተለመደ ነው፤ እግዚአብሔር ሁሉን ያያል፣ ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል? የሚል። ግን በእግዚአብሔር መታየትና በኩባንያ ወይም በመርማሪ መታየት አንድ ናቸው ያለው ማን ነው? ኖኅ ሰክሮ ራቁቱን በተኛ ጊዜ አምላክ ሳያየው አልቀረም። ከልጆቹ አንዱ ካም አይቶ ለወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት እየሄዱ አባታቸውን አለበሱት። የተባረኩት እነዚህ ናቸው። ኖኅን ወንጀለኛ ያለው የለም፤ ልብስ የተገባው ግን ነበር። የሰው መሸፈን ለአምላክ ዕውቀት ተፎካካሪ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ወንድማማቾች ሥራ እንደ ክሕደት በተቆጠረ ነበር።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ግን የክፉዎች ጉዳይ ነው። ጓጉንቸር ያዡን አይለይም፤ ሕፃናትን የሚበድል ሰውም ከዚያው ሳጥን ውስጥ ይሸሸጋል። ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ በአንድ አረፍተ ነገር የሚያልፈውን ጸሐፊ አላከብርም። "ለሕግ ብቻ የሚከፈት የጓሮ በር ይተውልን" የሚሉት መንግሥታት ሁሉም ክፋት አስበው አይደለም። ችግሩ በሩ ላይ ነው። በ2024 የአሜሪካ ባለሥልጣናት ከቻይና ጋር የሚያያይዟቸው ሰርጎ ገቦች ወደ ትልልቅ የቴሌኮም ኩባንያዎች ዘልቀው ገቡ፤ ከደረሱባቸው ቦታዎች መካከል ለፍርድ ቤት የስልክ ጠለፋ ተብሎ የተዘጋጀው ሥርዓት ይገኝበታል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ ስለ ምስጠራ ለዓመታት ሲያማርር የኖረው ኤፍቢአይ ባለበት መግለጫ፣ ሕዝቡ የተመሰጠረ መልእክት መላላኪያ እንዲጠቀም ተመከረ። ለዳኛ የተተወው በር ለሌባ አገለገለ። ወንጀለኛው እንዲያዝ እፈልጋለሁ፤ ግን እንደ ዱሮው በምስክር፣ በክትትል፣ የራሱን ስልክ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በመፈተሽ ይሁን እንጂ የሁሉን ሰው ሳጥን በሚከፍት ቁልፍ አይሁን።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ቦታው ይመለሳል። መታመን ሥራ አልፈታም፤ ቤት ቀየረ። መንገዱ ሲዘጋበት ሌባውም ቤት ቀየረ። የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2014 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር የሚገኙ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን ገልጾ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር በመንገድ ላይ ያለውን መልእክት መስበር አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ባለቤቱ የሚያነበውን አብሮ ያነባል። በየሰፈሩ ያለው አጭበርባሪ ደግሞ ያን ያህል መሣሪያ እንኳ አይሻም። "ከባንክ ነው የምደውለው፤ አሁን በሜሴጅ የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" ይላል በትሕትና። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ ባለቤቱ ራሱ ከፈተለት። ስክሪንሾት አንሥቶ ለሦስተኛ ሰው የሚልክ ወዳጅም እንዲሁ ነው፤ የካምን ሥራ ለመሥራት ዛሬ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ይበቃል። ተሸካሚው ከፈተና ነፃ በወጣ መጠን ፈተናው ሁሉ በሁለቱ ጫፎች ላይ ተከማችቷል። ለእኔ ትክክለኛ ቦታው ያ ነው፤ ሰው ሊታመን የሚገባው እሱ ለሚያውቀውና እሱን ለሚያውቀው ሰው እንጂ፣ አይቶት ለማያውቀው የሰርቨር ጠባቂ ምን ሲል ይታመናል?

ሒሳቡም ይህን የሚያውቅ ይመስላል። በዋትስአፕ የሰውየውን ስም ነክቶ ምስጠራ የሚለውን የከፈተ ሰው ስድሳ አኃዞች አምስት አምስት ሆነው ተደርድረው ያገኛል። ከመካከል ማንም አለመግባቱን ለማረጋገጥ ሁለቱ ሰዎች ቁጥሮቹን ማመሳከር አለባቸው፤ ወይ በአካል ስልክ ለስልክ አስጠግተው፣ ወይ ድምፁን ለይተው በሚያውቁት ሰው አፍ እየተነበበ። ይህን የሚያደርግ እጅግ ጥቂት ነው። ደሴ ያለች እናትና ጂዳ በሰው ቤት የምትሠራ ልጇ አያደርጉትም። ጸሐፊውና የጎረቤቱ ልጅ ግን ከመካከላቸው ወጥተዋል፤ ደመወዙ መዘግየቱ፣ የአሠሪዋ ጠባይ፣ ለማንም ያልተነገረው ሕመም በድምፅ መልእክት ባሕር ተሻግሮ ይደርሳል። ይደርስና እናትየዋ ስትነካው፣ ጥየቃ የመጡት ሴቶች ቡና ይዘው በተቀመጡበት፣ ከስፒከሩ ሳሎኑን ሞልቶ ይጮኻል። ስለዚህ ልጅቱ ዋናውን ከመላኳ በፊት አንዲት አጭር ድምፅ ታስቀድማለች፦ "እማዬ፣ ብቻሽን ስትሆኚ፣ ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ስሚው።"