ተስፋ የቆረጠ ሰው ወዴት ይሂድ?

ተስፋ መቁረጥ ከኀዘን የተለየ ነገር ነው። ያዘነ ሰው ያለቅሳል፤ የሚያለቅስ ሰው ደግሞ የሚሰማው እንዳለ ገና ያምናል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ግን ደጁን ዘግቶ ዝም ይላል። ጎረቤት ቢጠራው አይወጣም፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ይሰማል፣ ነገር ግን ለእርሱ የተደወለ አይመስለውም። እንዲህ ያለውን ሰው ልናጽናና የምንሄድ ካህናትና ምእመናን ብዙ ጊዜ የምንለው አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «አይዞህ፣ ተስፋ አድርግ» የሚል ነው። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ተስፋ፣ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ከልቡ ጓዳ እንደ እህል ዘግኖ የሚያወጣው ነገር ነውን?

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ ከዛፍ በታች ተቀምጦ ነፍሱ እንድትወሰድ ለመነ። መልአኩ ሲመጣ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበረ። በኋላም በኮሬብ ብቻውን እንደ ቀረ ባመለከተ ጊዜ፣ ለበኣል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ ወደ ሰዎችም እንዲመለስ ታዘዘ፤ ኤልሳዕንም በእርሻው ላይ ሲያርስ አገኘው። ኤልያስ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገሩን አላቋረጠም ነበር። ያጣው ሰውን ነበረ።

ከራሳችንም አገር ምሳሌ አለን። ከወረኢሉ ወደ ምዕራብ፣ በመካነ ሰላም በኩል፣ በቦረና ምድር የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም ይገኛል። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነበረውን ይህን ሊቅ የምናውቀው በመጽሐፈ ምሥጢሩና በመጽሐፈ ሰዓታቱ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ግን በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በተላከ ጊዜ ትምህርት አልገባው አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጓደኞቹ እየተማሩ ሲያልፉት እርሱ ባለበት ቀረ። ወደ አባቱ ቢመልሱትም አባቱ ለእግዚአብሔር የሰጠውን ልጅ መልሶ ለመውሰድ አልወደደም፤ ገዳሙን ያገልግል ብሎ ሰደደው። ልጁም ለማኅበሩ እህል እየፈጨ ተቀመጠ፤ ወደ እመቤታችንም ይለምን ነበር። በመጨረሻ ልመናው ተሰማለትና ዕውቀት ተገለጠለት።

ይህን ታሪክ የሚተርክ ሰው ሁሉ ወደ ተአምሩ ይቸኩላል። እኔ ግን በወፍጮው አጠገብ ጥቂት እንድንቆም እወዳለሁ። በአገራችን ወፍጮ የሴቶች ሥራ ነው ተብሎ የተናቀ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው (መናቁም ከቶ የተገባ አልነበረም) የዚያን ልጅ ውርደት ሊገምት ይችላል። ሆኖም እርሱ የፈጨው እህል በዚያው ቀን በትምህርት ለቀደሙት ለጓደኞቹ ምግብ ሆነ። በጉባኤው መጨረሻ የነበረው ልጅ በማዕዱ ሰዓት ያለ እርሱ የማይሆን ሰው ነበረ። ማኅበሩ አንተ አትማርምና ተለይተህ ተቀመጥ አላለውም፤ ሥራ ሰጠው እንጂ። ጸሎቱም የወጣው እጁ ለሌሎች በሚደክምበት ስፍራ ነው።

ባሕታውያንስ ከሰው ተለይተው ይኖሩ የለምን? የሚል ጠያቂ ይኖር ይሆናል። ይኖራሉ፤ ነገር ግን በሥርዓቱ ባሕታዊ ወደ በረሃ የሚወጣው በማኅበር ብዙ ዘመን አገልግሎ ነው፤ የሸሸውንም ሰው በጸሎቱ ይዞት ይሄዳል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም ስለ ማኅበር ኑሮ ሲያስተምር፣ ብቻውን የሚኖር ሰው የማንን እግር እንደሚያጥብ ጠይቋል። በምሬት ደጁን የዘጋ ሰው ባሕታዊ አይደለም።

በወሎ ቅሬ የሚባለውን፣ በሌላው አገር ዕድር የሚሉትን ማኅበር እንመልከት። ሰው ሲሞት የቅሬው ሰዎች ይቀብራሉ፤ እንጨትና ውኃ፣ እህልም ይዘው ከኀዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ። በብዙ መንደር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድነት ይቆማሉ። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ይህን መቀጫ የሚነቅፉ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ግን ብልህነት ይመስለኛል፤ ማጽናናት ደስ ላለው ሰው ብቻ የተተወ እንዳይሆን ያደርጋልና። ቤተ ክርስቲያንም ሳልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ብላ ቀን ቈጥራ የሠራችው ሥርዓት ለሙታን ጸሎት ሆኖ ሳለ፣ ሕያዋኑንም ከዘጉት ቤት እየጠራ ያወጣል። ነገር ግን ኀዘንተኛው የሚድነው ሰዎች ወደ እርሱ በመጡበት ቀን ብቻ ነው አልልም። ሌላ ሰው ሞቶ ተራው ሲደርሰውና ቃሬዛውን በትከሻው ሲሸከም፣ ያን ጊዜ ከሰው ቁጥር ውስጥ እንዳለ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወሎ ካለፈ ወዲህ ይህን ጥሪ የሚጠብቅ ቤት በርካታ ነው።

ፍጥረትም እንዲሁ ይጠራል። ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው በደንቆሮ ደን፣ አስታውና ጅብራው ጉም ለብሶ ይቆማል፤ ጭላዳው ሣር ይነቅላል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥ ያድናል። ዓለም ከኀዘኑ ጋር የቆመ ለሚመስለው ሰው ይህን ማየት መድኃኒት ነው። ነገር ግን ማየት ብቻ አይበቃም፤ አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነበርና። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በእጃቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያለማ አሳዩ። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. በክተት ዐዋጁ ወረኢሉ ላይ የተሰበሰበው ሠራዊት ከዚያ ክፉ ቀን የተረፈው ሕዝብ ነው።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያየው የወሎ ገበሬም ዝናብ ሲመለስ ብዙ ጊዜ በሬ የተረፈው ከሆነ አንድ ብቻ ነበረው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። በመቀናጆ ልማድ አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ያቀናጃል፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን መሬት ያርሳሉ። ቀንበሩንና ሞፈሩን ተሸክሞ በማለዳ ወደ ዘጋው ደጅ የሚመጣው ጎረቤት ስለ ተስፋ አንዳች አይናገርም። ዝናቡ ሊያልፍ ነውና በሬውን ይፈልጋል። ባለቤቱም እያጉረመረመ ይነሣል፤ በሬውን ፈትቶ ያወጣል፤ ጠፍሩን የት እንዳስቀመጠው ይፈልግ ጀመር።